የአልቪሶ ግድብና ሣር

በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ደቡባዊ ዳርቻ ያለችውን የአልቪሶን መንደር ጐበኘን። ሰዎች የከርሰ ምድሩን ውኃ አብዝተው ስለ ቀዱት ምድሪቱ ሰጥማ ከባሕሩ ወለል በታች ሆናለች፤ የሚጠብቃት ግድብ ነው። ባሕሩም ከፍ እያለ ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 በመንግሥትና በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ 6,100 ሄክታር ያህል፣ በቀድሞው ልክ ከ150 ጋሻ የሚበልጥ፣ በአብዛኛው የጨው ማምረቻ ኩሬ የነበረ ስፍራ ተገዛ። የኩሬው ግድብ ሲከፈት የባሕሩ ሙላት ደለል ያመጣል፤ በደለሉ ላይ ሣር ይበቅላል፤ ሣሩም የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዘጠኙ አውራጃዎች ሕዝብ ለዚሁ ሥራ ለ20 ዓመት በየይዞታው 12 ዶላር በየዓመቱ እንዲከፈል በድምፁ ወሰነ። ታላቁ ኩባንያና ባለ አንዲት ጎጆው እኩል መክፈላቸው ግን ደስ አላሰኘንም። ሣሩም ከባሕሩ ቀድሞ ካልበቀለ ይሰጥማል።