ሦስት ክረምት በዶርዜ

ትልቁ ሻንጣችን ሲመዘን 23 ኪሎ ሆነ። ውስጡ የሹራብ ክር፣ የቀለም እርሳስና መቀስ ነበር። ልጄ ከጎረቤትና ከክፍል ጓደኞቿ ለሁለት ወር ያሰባሰበችው ነው። ያኔ 12 ዓመቷ ነበር። "ለዶርዜ ልጆች" ብላ በራሷ እጅ፣ በአማርኛ ጽፋ ሻንጣው ላይ ለጥፋለች።

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ሐምሌ ማለት ፀሐይና መዋኛ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሐምሌ ክረምት ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጉም። ይህን ለልጆቼ መንገር ረስቼ ሁለቱም ክፍት ጫማ አድርገው መጡ።

ወደ ዶርዜ የሚኬደው ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ነው። ከተማዋ ሞቃት ናት፤ ከፍ ካለ ቦታ ሲያዩ ሁለት ሐይቆች ይታያሉ። አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍታ ሰዎች የእግዜር ድልድይ ይሉታል። ከዚያ መኪናው ተራራውን ይወጣል፣ ይወጣል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሙዙ ቀርቶ እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ ይመስላል፤ መግቢያው እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጣ ይላል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ቤቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያጥራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ወንዱ ልጄ ይህን ሲሰማ አላመነም። አሁንም ያመነ አይመስለኝም።

ወደዚህ የመጣነው በባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ምክንያት ነው። እሱ የዶርዜ ልጅ ነው። በትውልድ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ለወጣቶች ሽመና፣ ሴቶች ፈትል፣ ሌሎችም የቀርከሃ ሥራ የሚያስተምሩበት ቤት እንዳለ ነገረን። ማታ ማታ እዚያው ይዘፈናል። የዶርዜ ዘፈን አንዱ ሲጀምር ሌላው በሌላ ድምፅ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ በላዩ ይጨምራል። ያለ መሣሪያ ቤቱ ይሞላል።

የቤቱ ኃላፊ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቼ "አባባ" ይሏቸዋል። ስድስት የሽመና ዕቃ አለ። ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል። መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ከላይና ከታች ይከፈላል፤ በመሃሉ መወርወሪያውን ያሳልፋል። ድር በቁመት የተወጠረው ክር ነው፣ ማግ ደግሞ በአግድም የሚገባው። ማጉን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት።

ልጄ እዚያ የተማረችውና እኔ አስተምሬያት የማላውቀው አንድ ቃል አለ፦ ጥበብ። "ጥበብ ማለት ብልህነት ነው" ብዬ ነግሬያት ነበር። አባባ የነጠላውን ዳር እያሳዩ "ይኼም ጥበብ ነው" አሏት። የቀለሙ ጥለት ማለታቸው ነው። የእጅ ሥራው ራሱም ጥበብ ነው። ለሦስቱም አንድ ቃል መሆኑ ገረማት።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ ልጨምር። የሰፈሩ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት ዶርዝኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። የእኔዎቹም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ቃል ይፈልጋል፣ ሁለቱም ይሳሳታል፣ ማንም በማንም አይስቅም። ልጄ እንደዚያ ሰሞን አማርኛ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ካሉት የአክስቷ ልጆች ጋር ግን ዝም ትላለች።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። አባባ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁን። በዓመቱ ስንመለስ መቀሱ እየተሠራበት ነው። የቀለም እርሳሱ አልቋል። የሹራብ ክሩ ግን ወፍራምና የሚለጠጥ ስለሆነ ለድር አይሆንም። ልጆቹ ጎንጉነው የጥጃ ገመድ አድርገውታል። ልጄ ቀላች። እኔም ውስጤ ቀላ፤ ሳንጠይቅ ነበር ያመጣነው።

ከስድስቱ የሽመና ዕቃ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። አንደኛው ለወንዱ ልጄ መወርወሪያ አያያዝ ያሳየው ወጣት የሚሠራበት ነው። ወዴት ሄደ ስንል፣ "ሽሮ ሜዳ" አሉን። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ብዙ ሸማኔዎች ከዚህ ከጋሞ ደጋ የሄዱ ናቸው። በልጅነታቸው ተወስደው ያለ ትምህርት ያደጉም አሉ፤ ቤቱ የተከፈተውም ልጆቹ እዚሁ እየተማሩ ሙያውን እንዲይዙ ነው።

"አባባ፣ ምን ብናመጣ ይሻላል?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ምንም አታምጪ። ሥራ ስጪን። ቀብድ ክፈሉና ሂዱ" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸማኔ መጀመሪያ ክር መግዛት አለበት። እንግዳ የሚመጣው በጥቂት ወራት ነው፤ በቀረው ጊዜ ክር መግዣ ይጠፋል። ያኔ ወጣቱ ይሄዳል። ቀብድ ካለ ክር አለ፤ ክር ካለ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ አራት ጋቢና ስምንት ነጠላ አዘዝን፣ ዋጋውን በብር ተስማማን፣ ግማሹን ከፈልን።

ሦስተኛው ክረምት 2016 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ያን ጊዜ ዶርዜ ነበርን። ጋቢዎቹ ተጣጥፈው ይጠብቁናል፣ ቀሪ ሂሳብ አለብን። ባለቤቴ ስልኩ ላይ አሰላና "ዕድላችን ነው!" አለ።

ልጄ ቀና ብላ አየችው። "አባዬ፣ ለእኛ ረከሰ። ለእሳቸውስ ክሩ?"

አባባ ስለ ክር ዋጋ ትንፍሽ አላሉም። ቃል ቃል ነው፣ የተስማማነውን ብር ብቻ ጠበቁ። ባለቤቴ አፍሮ ባለፈው ዓመት በሐሳቡ የያዘውን ዶላር በአዲሱ ምንዛሪ መንዝሮ ሰጣቸው። ቆጠሩት። ትርፉን ለይተው መለሱለት። "ይኼ ስህተት ነው" አሉ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ልጄ "እንግዲያው የሚቀጥለው ቀብድ ይሁን" ስትል ሳቁና ተቀበሉ። ደብተር አውጥተው ስድስት ነጠላ ብለው ጻፉ።

ስንሰናበት ቆጮ በማርና በዳጣ ቀረበልን። አባባ አንድ ነገር ብቻ ወቀሱን፦ ሁልጊዜ ከመስቀል በፊት እንሄዳለን። መስቀል፣ መስከረም 17፣ የዶርዜ ትልቁ በዓል ነው። ከአዲስ አበባ ሸማኔዎቹ ሁሉ አገራቸው ይገባሉ። ያ ወጣትም ያኔ ይመጣል። እኛ ግን ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ነሐሴ ሳያልቅ አውሮፕላን ላይ ነን። ልጄ ከ2014 ወዲህ አላየውም።

ነጠላዎቹ አልቀዋል፤ አባባ ደውለው ነግረውናል። በፖስታ ይላኩ ወይ ብለው ሲጠይቁ ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "አባባ፣ ይቆዩልን" አለች። ለመስቀል የስምንት ቀን ፈቃድ እንዲሰጣት ለትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ጽፋለች። መልሱ ገና አልመጣም።