ሦስት ቀን በጣና ዳር

በመሥሪያ ቤታችን ክበብ ሻይ ስንጠጣ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ «ልጆቼ ሻይ ከሱቅ እንጂ ከመሬት የሚገኝ አይመስላቸውም፤ ዘንድሮ የሻይ አገር ወስጄ ላሳያቸው አስቤአለሁ» አለችን። አሳቧ መልካም ነው። ነገር ግን የሻይ አገራችን በካፋ ውሽውሽ፣ በኢሉባቦር ጉመሮ ሲሆን፣ እርሷ ደግሞ ከዓመት ፈቃዷ የቀራት ሦስት ቀን ብቻ ነው። በዚያ ላይ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ የጣናውን ክብራን ገብርኤል ለመሳለም የቆየ ስለት አለባቸው። ስለሆነም ሻዩን ለሌላ ዓመት አቆይታ፣ ልጆቹ ቡናን ከነዛፉ ወደሚያዩበት ወደ ባሕር ዳር እንድትሄድ መከርናት። የስለቱን ነገር ግን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ቀላል አልሆነም።

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ተወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣበትን ጉዞ ያየ ሰው አይረሳውም። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የየብስ ጉዞን እንደ ድሮው በልብ አምኖ መነሳት አይቻልም። እዚያ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ከመነሳቱ በፊት ደውሎ የሰሞኑን ሁኔታ ይጠይቅ፤ «አሁን አትምጡ» ከተባለም ይቅር። ጣና የትም አይሄድም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ዋጋው ለቤተሰብ ከባድ ቢሆንም ባልደረባችን ከአሁኑ እቁቧን ለዚሁ መድባለች።

ወራቱን በተመለከተ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ። ዝናቡ ያባራል፣ ሐይቁ ይሞላል፣ ጢስ ዓባይም ውኃ ይኖረዋል። ፏፏቴው ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በበጋ ሄዶ የድሮውን ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው ያዝናል፤ ውኃው በአመዛኙ ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚውል፣ በተለይም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገደሉ ብዙውን ጊዜ ጋም ጋም ብሎ ይታያል። መብራቱን ስለምንፈልገው ማማረሩ አያምርብንም፤ ወራቱን መምረጥ ግን እንችላለን።

ባሕር ዳር ራሷ በእግር የምትታይ ከተማ ናት። በዘንባባና በዛፍ ጥላ ሥር ልጅን እጅ ይዞ መሄድ አዲስ አበባ ውስጥ ያልለመድነው ዕረፍት ነው። ለሠራተኛ እናቶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ታሪክ ማወቅም ደግ ነው፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ብዙ ሴቶች በፈትልና በሽመና ክፍሎቹ ሠርተው ልጆቻቸውን አሳድገውበታል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ማታ ማታ የቤተሰብ መንሸራሸሪያ ሆኗል። ቅዳሜ የሚደርስ ሰው ገበያውን እንዳያልፈው።

የጉዞው ዋና ቀን ግን የዘጌ ቀን ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ለደርሶ መልስ፣ የሚታዩትን ገዳማት እየጠሩ መነጋገር ይገባል። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ መሐል ሐይቅ ላይ ሒሳብ ተጨምሮብኛል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ አይባልም።

ዘጌ ላይ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ይህን ሥርዓት ያቆሙት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ከበትራቸው ስባሪ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። በዚህ የተነሣ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ሲራቆት ዘጌ ደን ሆኖ ቀርቷል፤ ቡናውም ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ልጆች ቀዩን የቡና ፍሬ በእጃቸው ይዘው፣ ልጣጩን ቀምሰው፣ ጣፋጭ መሆኑን ሲያውቁ ፊታቸውን ማየት ነው! ከዚያ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን፣ ቀጥሎም በሙቀጫ የሚወቀጠውን ያሳዩአቸው። እኛ እናቶች ደግሞ ሌላውን እናስተውል። ማረስ በሌለበት አገር የእንጀራው እህል ከገበያ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቡናውና ጌሾው ካልተሸጠ ጤፍ የለም። በታንኳ እስከ ባሕር ዳር የሚሄደው ማገዶም ለዚያው ነው። ከመንገድ ዳር ቡና ስንገዛ ይህን እያሰብን ብንከራከር ሳይሻል አይቀርም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ገብቶ የሚሳለምባት ናት። በመቅደሷ ዙሪያ ግድግዳውን የሞላውን ሥዕል ልጆች ቶሎ አይጠግቡትም። ነጠላና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አይረሳ።

ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አታስገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ከባሕር ዳር ዳርቻ በዓይን የምትታይ፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ የምትርቅ ደሴት ናት። ባልደረባችን ይህን ስነግራት ደነገጠች። «እማዬ ይህን ሁሉ ዓመት የተሳለችው እዚያ ነው። ማን ይነግራታል?» አለች። እንጦስ ኢየሱስ አጠገቧ ናት፣ ለሴቶችም ክፍት ናት፤ ራቅ ብሎ ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራቻት እንኳ እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ ሴት ትገባባታለች ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ። ስለት ግን ለተሳሉት እንጂ ለጎረቤት አይሰጥም።

የልጆቹን ጤና ማሰብም ያስፈልጋል። የጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ በሽታ ስላለበት ልጆች እግራቸውን ከውኃው ውስጥ እንዳይነክሩ ይጠበቁ። ወባም ስላለ አጎበር ያለው ማደሪያ ይመረጥ፤ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጅ ቢኖር ለሐኪሙ ከባሕር ዳር መምጣቱን ይንገሩ። ዓሣውን፣ ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ በሚገባ የበሰለውን ይብሉ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭንም ልጆች ቢያዩት መልካም ነው፤ አበባው ያማረ አረም መሆኑን ስታስረዱ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት እንደነበር ጨምሩ።

በመጨረሻ ለአሮጊቷ የነገሯቸው ልጃቸው ሳትሆን የ12 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከእኛ ሰምቶ ኖሮ ማታውኑ አወጣው። እማማ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ እኔ ከጀልባው ላይ ሆኜ እሳለማለሁ፤ ጧፉንና ጃንጥላውን አንተ ታደርስልኛለህ» አሉት። ስለዚህ የሁለተኛው ቀን ጧት ለክብራን ተመድቧል፤ ልጁ ወርዶ እስኪመለስ ጀልባው እንዲጠብቅ አስቀድሞ ከባለጀልባው ጋር መነጋገር እንዳለባት ለባልደረባችን ጽፌ ሰጥቻታለሁ። የ10 ዓመቷ እህቱ ግን ወረቀቱን አንብባ ስታበቃ፣ «እኔስ ምን አደርሳለሁ?» ብላ ጠየቀች። እማማ ለእንጦስ ሌላ ጧፍ ግዙላት ብለዋል።