ቤቱ ቀረ፣ መንገዱ ተዘጋ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ አገሩን ለቅቆ በሰው አገር የሚኖር ሰው ሁለት ስም አለው። ከድኻ አገር ወደ ባለጸጋ አገር የሄደው «ኢሚግራንት» ይባላል። ከሎንዶን ተነሥቶ በስፔን ባሕር ዳር ቤት የገዛው ደግሞ «ኤክስፓት» ነው። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ዐይነቱ ማዕረግ ደንታ የለውም፤ ሁለቱንም ስደተኛ ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ የመጀመሪያውን ስም ለረጅም ዘመን ተሸክሜ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ይመስለኛል፣ የሁለተኛው ስም ባለቤቶች በአንድ ሌሊት ወደ እኔ ሰፈር ሲወርዱ ነገሩን ከዳር ቆሜ ማየት ያልቻልሁት።

ሌሊቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነበር። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው በዚያው ዓመት በጃንዋሪ 31 ቀን ነው፤ ሆኖም የቀድሞው ሕግ ለ11 ወራት እንዳለ እንዲሠራ በመወሰኑ ብዙው ሰው መውጣቷን በአካሉ አላወቀውም። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ብሪታንያዊ በፈለገው የኅብረቱ አገር ገብቶ የመኖር፣ የመሥራትና የማርጀት መብቱ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1992 በማስትሪክት የተፈረመው ውል የኅብረቱን ዜግነት ካቋቋመ ወዲህ አንድ ሙሉ ትውልድ በዚህ መብት ውስጥ ተወልዶ አድጓል። ያ ትውልድ ቪዛ የሚለውን ቃል የሚያውቀው ለሕንድ ወይም ለቻይና ጉዞ ብቻ ነበር።

በሎንዶን ከግድግዳዬ ማዶ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። እ.ኤ.አ. በ2006 ለወዳጄ ሠርግ ወደ ፓሪስ ለመሄድ ስሰናዳ ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አገኙኝ። በዚያን ጊዜ የያዝሁት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። የባንክ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የጥሪ ደብዳቤ፣ የጉዞ መድን፣ የደርሶ መልስ ቲኬት። «ይህ ሁሉ ለአራት ቀን ነው?» አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። ዝናብ አይቶ የማያውቅ ሰው ጃንጥላ ሲያይ የሚጠይቀው ዐይነት ጥያቄ ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ከባለቤታቸው ጋር ቤታቸውን ሸጠው፣ ዕቃቸውን በቫን ጭነው፣ በአሊካንቴ ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ሄዱ። እዚያም ፖሊስ ጣቢያ ተመዝግበው አንዲት አረንጓዴ ወረቀት ተቀበሉ፤ በቃ።

በዚያች ሌሊት ማንም ከቤቱ አልተባረረም። የመውጫው ስምምነት፣ አስቀድሞ በአንድ የኅብረቱ አገር በሕግ ይኖር ለነበረ ብሪታንያዊ በዚያው አገር የመኖር መብቱን ጠብቆለታል፤ አምስት ዓመት ተከታትሎ ለኖረም ቋሚ ነዋሪነት ይሰጣል። ሽማግሌው በአረንጓዴዋ ወረቀት ፋንታ ፎቶግራፍ ያለበት አዲስ ካርድ ወሰዱ። ካርዱ ላይ በስፓኒሽ «አንቀጽ 50» የሚል ታትሞበታል። አንቀጽ 50 አንድ አገር ከኅብረቱ የሚወጣበትን ሥርዐት የሚደነግገው የውሉ አንቀጽ ነው። እንግዲህ አንድ አረጋዊ በሰው አገር እንዲኖሩ የሚፈቅድላቸው ካርድ ላይ የገዛ አገራቸው የወጣችበት በር ቁጥር ተጽፎላቸው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ ማለት ነው። ልቦለድ ውስጥ ባነበው ጸሐፊው አበዛው እል ነበር።

ስምምነቱን ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ ግን ሌላ ነው። የስፔኑ ካርድ የመኖርና የመሥራት መብት የሚሰጠው በስፔን ብቻ ነው። ድንበር ተሻግሮ ፖርቱጋል ወይም ፈረንሳይ ሲገባ ባለካርዱ እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ነጻ መዘዋወር ከተባለው ነገር መዘዋወሩ ተነሥቶ፣ በነበሩበት መቅረት ብቻ ተተወ። ሌሊቱ እያንዳንዱን ሰው በቆመበት ሥፍራ አጸናው።

የሽማግሌው አንዲት ልጅ ያን ሌሊት የቆመችው ቦርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሄዳ በአንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። እርሷም የፈረንሳይ ካርድ አላት፤ ያው «አንቀጽ 50» ተጽፎበታል። የአባትና የልጅ ካርድ ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፤ የሚከፍቱት በር ግን የየራሳቸውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እናቷ ዐረፉ። አባትየው ብቻቸውን ቀሩ፤ ዐይናቸውም እየደከመ ሄደ። በቀድሞው ሕግ ቢሆን ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ እዚያው ሥራ ትፈልግ ነበር። አሁን ግን ስፔን ተቀጥራ ለመሥራት ቀጣሪዋ አስቀድሞ ፈቃድ ሊያወጣላት ይገባል። ሥራ ሳይሠሩ ለመኖር የሚሰጠው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2023 ስትጠይቅ በወር 2,400 ዩሮ ገቢ ይጠይቅ ነበር፤ ደመወዝተኛ መምህር ሥራዋን ትታ ይህን ከየት ታመጣለች? አባቷ ወደ እርሷ እንዳይሄዱ ደግሞ የልጃቸው ጥገኛ መሆናቸውን ማስረዳት ሊኖርባቸው ነው፤ እርሳቸው ግን ጡረታ አላቸው። «ጥገኛ ለመባል ጡረታዬን ወንዝ ልጣለው እንዴ?» አሉኝ በስልክ።

«እሰይ፣ ይቅመሷት!» ያሉ የአገሬ ልጆች አውቃለሁ። ስሜቱ ይገባኛል፤ የቪዛ ወረፋ ያላሳደደው ሐበሻ የለምና። ደግሞም ብሪታንያዊው ዛሬም ቢሆን ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ለአንድ ቀንም አይገባም። ሆኖም ከተጎዱት ብዙዎቹ ያልመከሩበት ነገር ነው። ከአገር ከወጣ 15 ዓመት ያለፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ያ ገደብ የተነሣው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ቀብር ካለፈ በኋላ እንደሚመጣ ሐኪም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በፈረንሳይ የኖረች አንዲት ብሪታንያዊት ጉዳይዋን እስከ ኅብረቱ ፍርድ ቤት አድርሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ በጁን 9 ቀን 2022 አገራቸው ከኅብረቱ ስትወጣ የኅብረቱ ዜግነታቸውም አብሮ እንደ ሄደ ወሰነ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአያት ፍለጋው ነው። በአየርላንድ ደሴት የተወለደ አያት ያለው ሰው ተመዝግቦ የአየርላንድ ዜጋ መሆን ይችላል፤ አየርላንድም ኅብረቱ ውስጥ ናት። ስለዚህ አያቶቻቸውን ከነመኖራቸው ረስተው የነበሩ እንግሊዛውያን የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ሊፈልጉ ሳጥን መበርበር ያዙ። ይህን ስሰማ ያገሬ የርስት ሙግት ታወሰኝ። እዚያም ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ሐረግ ቆጥሮ፣ ረግጦት የማያውቀውን መሬት ድርሻዬ ነው ይል ነበር። ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል። የቋሚ ነዋሪነት ካርድ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም፤ ባለቤቱ ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሎ ከራቀ መብቱ ይጠፋል። የሽማግሌው አያቶች አራቱም ኬንት ነው የተወለዱት። ፈልገው ጨርሰዋል።

እኔም ዛሬ የብሪታንያ ዜጋ ነኝ፤ ሕጋችን ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የኢትዮጵያውን ትቼ። አዲስ አበባ ስገባ የማሳየው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመጣውን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ ሳስረዳቸው፣ ተወልጄ ባደግሁበት አገር ለመኖር ካርድ መያዜ አስገረማቸው። ከዚያ የራሳቸውን ካርድ አውጥተው ከእኔው ጎን አስቀመጡት። ሁለታችንም ዝም ብለን አየናቸው።

ልጅቱ አባቷን የምትጠይቀው በትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፤ አንዳንዴም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ትሰነብታለች። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ የአውሮፓ ድንበሮች ላይ ሥራ የጀመረው አሻራና ፎቶግራፍ የሚመዘግብ መሣሪያ እርሷን አይቆጥራትም፤ የፈረንሳይ ነዋሪ ናትና። በፈረንሳይና በስፔን መካከልም አብዛኛውን ጊዜ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። እርሷ ግን ካርዴን አጣለሁ ብላ ስለምትሰጋ ራሷ ትቆጥራለች። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከአባቷ የዐይን ጠብታ ጎን፣ የተንጠለጠለ ደብተር አለ፤ የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን እርሱ ላይ ትጽፋለች። በመጨረሻ ስንነጋገር 11 ቀን ቀርቷት ነበር፤ የአባቷ የዐይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከ16 ቀን በኋላ ነው።