የእንጦጦ ሸክም ማርስ ላይ

ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የፊዚክስ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፦ አንድ ዕቃ መርጦ ማርስ ላይ ስንት እንደሚመዝን ማስላት። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የጠፈር ምልከታ ማዕከል ከውጭ አየን። በጉልላቶቹ ሥር 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ነገርኳት። ብዙም አልተደነቀችም።

የምትመርጠውን ዕቃ ያገኘችው በእግራችን ስንወርድ፣ ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ስንል ነው። አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ታርፋለች። እናቴ እኔን ያሳደገችኝ በዚያው ሸክም ነው። ስንት ኪሎ እንደሚሆን ግን ጠይቄ አላውቅም። መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ልጅ ስለነበር ሴትየዋን ለመንናት። ከነሸክሟ 83፣ ያለሸክሟ 47። ሸክሙ 36 ኪሎ ነው ማለት ነው።

«ምን ያደርግላችኋል? እንጨት በሸክም እንጂ በኪሎ አይሸጥ» አለች።

አፈርኩ። ገዛሁትና አዘልኩት።

ልጄ ከጎኔ እየሄደች ታሰላለች። የማርስ መጠነ ቁስ የመሬት 0.107 ብቻ ነው፤ አንድ አሥረኛ ገደማ። «እንግዲያው 4 ኪሎ ነዋ!» አልኳት። ቸኩያለሁ። ስበት በርቀት ካሬ ይቀንሳል፤ ማርስ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ገጿ ላይ የቆመ ሰው ለመሃሏ ይቀርባል። ራዲየሷ የመሬት 0.53 ነው። 0.53 በራሱ ሲባዛ 0.281፤ 0.107 ለዚያ ሲካፈል 0.38። ስለዚህ ያ የመንገድ ዳር ሚዛን ማርስ ላይ ቢቀመጥ ለሸክሙ የሚያሳየው 13.7 ኪሎ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ፣ እዚህ 353 ኒውተን የነበረው እዚያ 134 ይሆናል። ባለ ሁለት ሳህኑ የገበያ ሚዛን ግን እዚያም 36 ይላል፤ የሚዛኑ ድንጋይም አብሮ ይቀላላ።

በነገራችን ላይ እንጦጦም ትንሽ ያቀላል። ከመሬት መሃል ራቅ ስለሚል፣ ሸክሙ ከአናቱ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ይከብዳል። ጭማሪው 10 ግራም አይሞላም አለችኝ ልጄ። ጀርባዬ አላመናትም።

እናቴ በር ላይ ስታየኝ ሳቀች። «አንተ፣ ማን እንዲህ አሰረልህ?» ልጄ ስለ ማርስ ነገረቻት።

«14 ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ እማማ!»

«እዚያ ባሕር ዛፍ አለ እንዴ?»

«የለም።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ክብደቱስ ይለመዳል፣ ልጄ። እኔን የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነበር። አንዴ መንደርደር ከጀመርሽ ሸክሙ አልቆምም ይላል።»

ልጄ ደብተሯን እንደገና ገለጠች። ይሄኛው እዚያም አይቀልም። መጠነ ቁሱ ያው 36 ኪሎ ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚንደረደረውን ሸክም ማስቆም እዚህ የሚፈልገውን ያህል ይፈልጋል። እንዲያውም እግር መሬቱን የሚጫነው በትንሹ ስለሆነ መንሸራተቱ ይብሳል። ይህን ስታብራራ እናቴ ገመዱን ፈትታ እንጨቱን እንደገና ታስር ነበር፤ ወፍራሙን ከታች፣ ቅጠሉን ከላይ።