ከሞልዶቫ፦ ገዢ አገርን በምን ይመዝናል?

ኪሺናው፣ ሞልዶቫ

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለሜ፣

የዛሬው ደብዳቤዬ እንደ ወትሮው ከሚላኖ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን የሥራ ልብስ የሚያሰፋበት አዲስ አገር ይፈልግ ስለነበር፣ ፋብሪካዎቹን አይቼ ሐሳቤን እንዳቀርብ ወደ ሞልዶቫ ላከኝ። አንቺ ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መስመር (ላይን) ትመሪያለሽ። ትዕዛዝ የሚሰጠው ሰው በልቡ ምን እንደሚያሰላ ብታውቂ ይጠቅምሻል ብዬ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሞልዶቫ በሩማንያና በዩክሬን መካከል ያለች፣ በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ተለይታ ነፃነቷን ያወጀች ትንሽ አገር ናት። በ2024 የሕዝብ ቆጠራ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተገኝቶባታል፤ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ያንሳል። ቋንቋቸው ሩማንኛ ስለሆነ ከጣሊያንኛ ጋር ይቀራረባል። ጣሊያን አገር ሠርቶ የተመለሰውም ብዙ ስለሆነ አስተርጓሚ ሳያስፈልገኝ የተነጋገርኩባቸው ፋብሪካዎች አሉ። ሚላኖ ውስጥ ከእኛ አገር ልጆች ጎን አረጋውያንን ሲጦሩ የማውቃቸውን የሞልዶቫ እናቶች አገራቸው ላይ ሆኜ አሰብኳቸው።

የስፌት ፋብሪካዎቹ እንደ ሐዋሳ ሼዶች ሰፋፊ አይደሉም። አብዛኞቹ የሚሠሩት በእጅ ዋጋ ነው፤ ገዢው ጨርቁን፣ ቁልፉንና ዚፑን ይልካል፣ እነሱ ቆርጠውና ሰፍተው ይመልሳሉ። ማሽኑ ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው ጎልማሳ ሴቶች ናቸው። እጃቸው የረቀቀ ነው፤ ኮሌታ የምትሰፋዋን ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ እጅጌ ቢያዛውሯት አትደናገርም። ስለዚህ አንድ ሞዴል በብዛት ከማምረት ይልቅ ብዙ ሞዴል በትንሽ በትንሹ ማምረት ይሆንላቸዋል። ሌላ ቦታ «ይህማ በጣም ትንሽ ነው» ተብሎ የሚመለስ ትዕዛዝ እዚህ በደስታ ይቀበሉታል።

ወደ ቀረጥ ልምጣ። ሞልዶቫ በ2014 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተፈራረመችው ስምምነት ልብሷን ያለ ቀረጥ ያስገባላታል። ነገር ግን ልብ በይ፦ የኢትዮጵያ ልብስም እጅግ ላላደጉ አገሮች በተሰጠው ዕድል ከ2001 ጀምሮ አውሮፓ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነው። በዚህ በኩል እኩል ናችሁ። ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። ኪሺናው የተጫነ ከባድ መኪና የፕሩትን ወንዝ ተሻግሮ በሩማንያና በሃንጋሪ አድርጎ በጥቂት ቀናት ጣሊያን ይደርሳል። የእናንተ ጭነት ጅቡቲ ወርዶ መርከብ መጠበቅ አለበት። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ በደረሰው ጥቃት የተነሳ ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ገዢ በልብሱ ዋጋ ላይ የመዘግየቱንም ዋጋ ይደምራል።

ስለ ወደብ ካነሳሁ አንድ የሚያስቀና ነገር ልንገርሽ። ሞልዶቫ የባሕር ዳርቻ የላትም። በደቡብ ጫፏ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የዳኑብ ወንዝ ዳር አላት። እዚያች ጠባብ መሬት ላይ፣ ጁርጁለሽቲ በምትባል መንደር፣ ከጥቁር ባሕር የሚመጡ መርከቦች የሚደርሱበት ወደብ ሠርታለች። እህልና ነዳጅ ይመላለስበታል። በእጇ ያለችውን ጥቂት ነገር እንዲህ የምትጠቀም አገር ከልቤ አከብራለሁ።

አሁን ወደ ስጋቶቹ ልግባ፤ የመጀመሪያው በአንድ በር ብቻ መመካት ነው። ድሮ የሞልዶቫ ወይን ጠጅ አብዛኛው የሚሸጠው ለሩሲያ ነበር። በ2006 ሩሲያ ገበያዋን ስትዘጋባቸው ጠማቂዎቹ ትልቁን ደንበኛቸውን ባንድ ጊዜ አጡ። ጥራታቸውን አሻሽለው ፊታቸውን ወደ አውሮፓ እስኪያዞሩ ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። ለረጅም ዘመን ኃይል የሚያገኙት ትራንስኒስትሪያ ከተባለው ተገንጣይ ክልላቸው፣ በሩሲያ ጋዝ ከሚሠራ ጣቢያ ነበር። በ1992 ጦርነት የተካሄደበት ይህ ክልል ዛሬም የሩሲያ ወታደሮች ያሉበት ነው። በ2022 መጋቢት መስመራቸውን ከአውሮፓ ጋር አገናኙ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ግን የዩክሬን የኃይል አውታር በሚሳኤል ሲመታ እነሱም ጨለማ ውስጥ ገቡ። በ2025 መጀመሪያ በዩክሬን በኩል የሚያልፈው የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ ደግሞ የጎደላቸውን ከሩማንያ በውድ ገዙ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋብሪካ ስገባ ጄኔሬተሩን አስከፍቼ አያለሁ።

ከመብራቱ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ነው። ከ2014 ወዲህ ያለ ቪዛ ወደ አውሮፓ መግባት ይችላሉ፤ የሩማንያ ፓስፖርት የያዘውም ብዙ ነው። ወጣቱ ይሄዳል። የቀረውም ወደ ኮምፒውተር ሥራ ያዘነብላል፤ መንግሥት በ2018 ባቋቋመው የቴክኖሎጂ ፓርክ የተመዘገበ ድርጅት ከሽያጩ 7 በመቶ አንድ ግብር ከፍሎ ይገላገላል። በሰሜን በኩል በልትሲ ከተማ ደግሞ የጀርመኑ ድሬክስልማየር ለመኪና የሚሆን የኤሌክትሪክ ገመድ ስለሚያመርት፣ ሠራተኛ ፈላጊው ስፌት ቤት ብቻ አይደለም። ዛሬ ያየኋት ጎበዝ ሰፊ ጡረታ ስትወጣ በቦታዋ ማን እንደሚቀመጥ በግልጽ የነገረኝ ሥራ አስኪያጅ የለም።

ለአለቆቼ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ በፍጥነት የሚፈለግ፣ በብዛት ትንሽ፣ በሞዴል ብዙ የሆነውን ሥራ ለሞልዶቫ እንስጥ። በገፍ የሚመረተውን ግን አንስጥ፤ የሰው ኃይሏ አይችለውም። ሁሉንም ትዕዛዝም እዚህ አናከማች። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ሁለተኛ አገር በጎን ይኑረን። ርካሽ የተባለ አገር ሁሉ ነገ ከእሱ የረከሰ ይመጣበታል። እኔ የምመዝነው በክፉ ቀን ዕቃዬ የሚወጣበት ሌላ መንገድ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ኃይል፣ ሥራውን የሚረከብ ሌላ ሰው መኖሩን ነው።

እህቴ፣ ይህ የሞልዶቫ ነገር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ልብሷን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባላት ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትሰረዝ ሐዋሳ ላይ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የወይን ጠማቂዎቹም ታሪክ ያው ነው። የአውሮፓ ገበያ ግን አሁንም አልተዘጋባችሁም። የጅቡቲን መንገድ አንቺ አታሳጥሪውም፤ በእጅሽ ያለው ላይንሽ ነው። ኦፕሬተሮችሽን በአንድ ስፌት ብቻ አታስሪያቸው፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ይልመዱ። ትንሽ ትዕዛዝ ሲመጣ እንዳትንቁት ለኃላፊዎቻችሁ ንገሪልኝ፤ አዲስ ገዢ የሚፈትናችሁ በእሱ ነው። ሺፕመንት የሚዘገይ ከሆነም ቀኑ ሳይደርስ እውነቱን ጻፉለት። ቀድሞ የተነገረውን ገዢ ያቅድበታል፤ የተደበቀውን ግን አይረሳም።

አክባሪ ወንድምሽ