አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል እጥበት ያስፈልገዋል። እሱ ማሽኑ ላይ ሲተኛ፣ አስታማሚዋ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ የሚቀጥለውን ክፍያ ታሰላለች።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄድ ቤተሰብ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ የሥጋ ዘመዶች ነበሩ። አስታማሚው ለጋሽም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጓዳው ነው። ጨው የሌለው ሽሮ ለብቻ ይሠራል፤ የሚጠጣው ውሃ ይለካል። የጎጃም ደጋ ሰው የሚወደው ድንች እንኳ ፖታሲየም ስለሚበዛበት ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ይቀቀልና ውሃው ይደፋል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ሚስት ወይም ልጅ እንቅልፏንም ሥራዋንም ታጣለች። "አንቺስ እንዴት ነሽ?" የሚላት ማጣቷ አንጀት ይበላል።

ለጥየቃ ስትሄዱ ሙዝና ብርቱካን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለብዙዎቹ ሕሙማን አይመከርም። ይልቅ አንዱን የእጥበት ቀን ሕመምተኛውን እናንተ አድርሱት፣ እሷ ትተኛ። የእድር ዳኞችም የትራንስፖርቱን ነገር ሰው ሳይሞት ያንሡት።