ኋላ ስለ ቀረው ሯጭ

በአዊ አገር በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በዐድዋ ለዘመቱት አርበኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ የቆመ ነው። ፈረስ በሚጋለብበት በዚያ ቀን የተመልካች ዓይን ሁሉ ከፊት ወዳለው ይሄዳል፤ ኋላ የቀረውን የሚያይ ባለቤቱ ብቻ ነው። የሰውም ሩጫ እንደዚሁ ነው። የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ከእርሱ 4 ዓመት አስቀድመው ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ መጀመሪያ የተሰለፈችው በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በአውስትራልያ፣ በሜልቦርን ከተማ ነው። የተወዳደሩት 12 ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች። ከመካከላቸው አንዱ የክቡር ዘበኛ ወታደር ማሞ ወልዴ ነበረ። በ800 ሜትርና በ1,500 ሜትር ሮጠ፤ በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብልም ተሰለፈ፤ በአንዱም ከማጣሪያው አላለፈም። ከ12ቱም ሜዳልያ ያገኘ አልነበረም። ሄደው ምን አመጡ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ዘር በተዘራበት ሳምንት ማጭድ ይዞ እርሻ እንደሚወርድ ገበሬ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ማሞ በዚያ ውድድር አልነበረም። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ ማራቶኑን ሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ማሞ በ10,000 ሜትር 4ኛ ሆነ፤ ማራቶኑን ግን መፈጸም አልቻለም። አራተኛነት መራራ ነው፤ ሜዳልያ የሚሰጠው እስከ ሦስተኛው ድረስ ነውና።

ከዚህ በኋላ በሜክሲኮ ከተማ ተሰለፉ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ከቈላ የመጣ ሯጭ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለእንጅባራ ልጅ ግን እንዲህ ያለው አየር የዕለት አየሩ ነው። ማሞ አስቀድሞ በ10,000 ሜትር 2ኛ ወጣ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማራቶኑ ሲሮጥ አበበ እግሩን ታሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ አቋረጠ። የአገሩ ተስፋ በማሞ ላይ ቀረ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ሁለተኛ የሆነው የጃፓን ሰው ኪሚሃራ የደረሰው ከ3 ደቂቃ በላይ ቈይቶ ነው። ማሞ ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበረ።

ይህም አልበቃው። በ40 ዓመቱ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር በሙኒክ ማራቶን 3ኛ ሆኖ ገባ። ሜልቦርን ላይ ከማጣሪያው ከቀረ 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተው ነበር።